ሸርጣኗ እስክትመለስ

ከሆሳዕና ተነስቶ ፎንቆ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ሚኒባሱ አንዲት መታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ድሮ እዚያች መታጠፊያ ላይ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው፣ ያውቀኝም አያውቀኝም፣ በክርኔ ነካ አደርገው ነበር። «ያ ጫካ ይታይሃል? እኔ ነኝ ከተማሪዎቼ ጋር የተከልኩት» እለዋለሁ። ከትምህርት ቤታችን ግርጌ ባለው ተዳፋት ላይ ባህር ዛፎቼ ተሰልፈው ይታያሉ። ሰውየው እንቅልፉን እያባረረ «ጎበዝ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ጎበዝ መባል እወዳለሁ፤ አልዋሽም።

ዛሬ ከዚያች መታጠፊያ ላይ አንድም ባህር ዛፍ አይታይም። ያስነቀልኳቸውም እኔው ነኝ። ከመትከሌ ይልቅ መንቀሌ ያኮራኛል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን ከአንዲት ሸርጣን መጀመር አለብኝ።

የተወለድኩት ሆሳዕና ነው። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። ቤታችን ውስጥ አማርኛ፣ ከአጥራችን ውጭ ሀዲይኛ እየሰማሁ አደግሁ። ሀዲይኛውን ጥርት አድርጌ እሰማለሁ፤ ስናገረው ግን ሰው ስለሚስቅብኝና እኔ ደግሞ መሳቂያ መሆን ስለማልወድ አፌን እዘጋለሁ። ባዮሎጂ ተምሬ ስመረቅ ፎንቆ ተመደብኩ። በዚያ ዕድሜዬ ስለ ሕያው ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ተዳፋቱ በሚያልቅበት፣ ከአንዲት እናት የእንሰት ማሳ ጥግ ላይ አንዲት ምንጭ ነበረች። ስፋቷ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ ብዙም አይበልጥም። ውሃዋ ግን ከታች ያለውን ጠጠር ቁጭ ብሎ የሚያስቆጥር ነበር። ዙሪያዋን ቄጠማ በቅሎባታል። እንቁራሪቶቿ ከሰዓት በኋላ ሲጀምሩ መስኮት ካልዘጋሁ ተማሪዎቼ አይሰሙኝም። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠጣው ከሷ ነው።

የማሳዋ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ ሙስሊም እናት ናቸው። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ቲቸር ይሉኛል። ምንጯን እንዲጠብቁ ማንም አልሾማቸውም፤ ከአማታቸው የወረሱት ሥራ ነው። በየገበያው ዋዜማ ወርደው የወደቀውን ቅጠል ይለቅማሉ፣ ደለሉን በቅል ይጨልፋሉ። ከምንጯ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች፤ ከዚያች ድንጋይ ወዲህ ሳሙና ማሳለፍ ክልክል ነው። አንዴ አንድ ጎረምሳ ከድንጋዩ ወዲህ ሸሚዙን ሲያጥብ አግኝተውት ሸሚዙን ከነአረፋው እንሰት ላይ ወርውረውበታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ምንጯን ከመጥረጋቸው በፊት ግን አንድ የማይዘሉት ነገር ነበር። በድንጋዮቹ መሀል አንዲት ሸርጣን ትኖራለች። አንድ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ቀድደው ያነጥፉና ሸርጣኗን በዝግታ አንስተው እላዩ ላይ ያስቀምጧታል፤ ፀሐይ እንዳይነካትም ጫፉን ያጥፉላታል። ጠርገው ሲጨርሱ፣ ውሃው ሲጠራ፣ መልሰው ቦታዋ ያስገቧታል። ምን እንደምታደርግ ስጠይቃቸው «የውሃዋን ዓይን የምትከፍተው እሷ ናት፤ እሷ ካለች ውሃው ደህና ነው» አሉኝ። እኔ ሳቅ አልኩ። መጽሐፍ ላይ የሌለ ነገር ሲነገረኝ የመሳቅ አመል ነበረብኝ።

ትምህርት ቤታችን ያኔ ላብራቶሪ የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ያለው፣ ውስጡ ግን ባዶ መደርደሪያ የሆነ ክፍል ነበረው። እኔ ልሞላው ቆርጬ ተነሳሁ። አንድ ቀን እማማ ገበያ በሄዱበት ተማሪዎቼን ይዤ ወረድኩና ሸርጣኗን አነሳኋት። ከእናቴ ቤት ያመጣሁት ባዶ የማርማላታ ብርጭቆ ነበረኝ፤ አልኮል ሞልቼ ከተትኳት። ሆዷ ሥር እንደ ማሽላ ፍሬ የተደረደሩ እንቁላሎች ታቅፋ ነበር፤ ይህን ሳይ ደስታዬ እጥፍ ሆነ። በጥሩ የእጅ ጽሑፌ «ሸርጣን፤ ሴት፤ ከነእንቁላሏ፤ ፎንቆ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩባት። የመደርደሪያው የመጀመሪያዋ ናሙና እሷ ነች።

በማግስቱ እማማ የእንሰት ቅጠላቸውን እንደያዙ የላብራቶሪው በር ላይ ቆሙ።

«ቲቸር፣ ሸርጣኗን መልሺልኝ። አንቺ ነሽ የወሰድሻት አሉኝ» አሉ።

አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል፤ ያኔ ግን እንደ እንግዳ ተቀብዬ አስገባኋቸውና ብርጭቆዋን አንስቼ አሳየኋቸው። ያደንቁልኛል ብዬ ነው። እንቁላሎቹን በጣቴ እየጠቆምኩ «ይኸው፣ እናት ነበረች» አልኳቸው። ብርጭቆዋን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ዞሩና አዩዋት። ከዚያ መልሰው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ሞታለች» አሉ። «እሺ። እሷ እስክትመለስ ከዚህች ውሃ አልጠጣም።»

ሁለት ቀን ይቆይ ይሆናል፣ ይበርድላቸዋል ብዬ ነበር። እኚህን ሴት አላወቅኳቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ምንጯ ከደጃቸው እያለች፣ ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን ወጥተው ላይኛው መንደር ካለው ቦኖ መቅዳት ጀመሩ። መንገዱ ደግሞ የሚያልፈው በትምህርት ቤታችን በር ነው። በየቀኑ ጠዋት፣ ተማሪ ሲሰለፍ፣ ያልፋሉ። «እንደምን አደርሽ ቲቸር» ይሉኛል፤ ድምፃቸው ላይ አንዳች ቁጣ የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባህር ዛፉን የተከልኩት በቀጣዩ ክረምት ነው። ተዳፋቱ ተራቁቶ አፈሩ እየታጠበ ነበርና አንድ ነገር መደረግ ነበረበት፤ ይህ እውነት ነው። ግን እውነቱን ሙሉ ልናገር ካልኩ፣ የምንጯ ጠባቂ እሳቸው ሳይሆኑ እኔ እንደሆንኩ ማሳየትም ፈልጌ ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አቋቋምኩ። ባህር ዛፍ ለምን መረጥሽ ቢሉኝ በዚያን ጊዜ ሌላ ዛፍ ማን ያስብ ነበር? በሀዲያም በከምባታም ባህር ዛፍ የሌለው ደጅ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል፤ ቤት የሚሠራው በሱ ነው፣ ልጅ ሲዳር የሚቆረጠው እሱ ነው። ቶሎ ይደርሳል። እኔም ቶሎ የሚደርስ ነገር ነበር የምፈልገው።

የምንተክል ዕለት እማማ መጡ። በጭቃ ጠቅልለው፣ በእንሰት ቅጠል አስረው የዋንዛና የብሳና ችግኝ ይዘዋል፤ ከጓሯቸው የነቀሉት ነው።

«ያ ዛፍ ይጠጣል፣ ቲቸር። ከውሃ አጠገብ አይሆንም። ይሄን ትከዪ» አሉኝ።

«እማማ፣ ዛፍ ሁሉ ይጠጣል» አልኳቸው፤ ተማሪዎቼ ሳቁ። «የእርስዎ ችግኝ እስኪያድግ እኔ ጡረታ እወጣለሁ።»

ችግኛቸውን ይዘው ተመለሱ። እኔ ተከልኩ። ዛፎቹም አላሳፈሩኝም፤ በሁለት ክረምት ከእኔ በለጡ፣ በአራተኛው ጣሪያ አለፉ። ከወረዳ ሰዎች መጥተው አዩ፣ አጨበጨቡልኝ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቷን በመስታወት አስገብቼ እናቴ ሳሎን ውስጥ ሰቀልኳት።

መጀመሪያ የጠፉት እንቁራሪቶቹ ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ተከፍቶ እያለ ተማሪዎቼ በደንብ እንደሚሰሙኝ አስተዋልኩ። ደስ አለኝ እንጂ ለምን አላልኩም። ቀጥሎ ቄጠማው ከጫፉ ቢጫ ሆነ። ከዛፎቹ ሥር ሣር እምቢ አለ፤ ደረቅ ቅጠል ብቻ። ዝናብ ሲመጣ የሚይዘው ነገር ስላልነበረ አፈሩን ይዞ ቀጥታ ምንጯ ውስጥ ይገባል። በበጋ ደግሞ ውሃዋ ቀጥና፣ በረገፈው ቅጠል ምክንያት እንደ ሻይ ጠቁራ፣ በላይዋ የሚያብረቀርቅ ነገር ይንሳፈፋል። ሰፈርተኛው ከሷ መቅዳት ትቶ፣ የቦኖው ዳገት ስለከበደው፣ ወደ ታችኛው ወንዝ መውረድ ጀመረ። እዚያ ልብስ ይታጠባል፣ ባጃጅ ይታጠባል፣ ከብት ይገባል። ክፍሌ ውስጥ ባዶ ዴስክ በዛ። ስም ስጠራ «ሆዱን ታሞ ነው ቲቸር» የሚለው መልስ ለመደኝ።

ከተከልን ብዙ ዓመት አልፎ፣ ስለ ውሃ ውስጥ ፍጥረታት በማስተምርበት ሳምንት ተማሪዎቼን ወንፊት አስይዤ ወደ ምንጯ ወሰድኳቸው። ትምህርቱ ቀላል ነው። ውሃ ጥራቱን በአፉ አይናገርም፤ ውስጡ የሚኖሩት ይናገሩለታል። አንዳንዱ እጭ ከድንጋይ ሥር ተጣብቆ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ የሚንቀሳቀስ ውሃ ካላገኘ ይሞታል። ሸርጣንም በጭቃና በደፈረሰ ውሃ ውስጥ መቆየት አትወድም። ቀይ ትልና አልቅት ግን የትም ይኖራሉ። ያን ቀን ወንፊቱን ደጋግመን ነከርን። ቀይ ትል። አልቅት። እንደገና ቀይ ትል።

አንዲት ተማሪ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ላብራቶሪ ያለችው ሸርጣን ላይ ፎንቆ ይላል። ከዚህ ነው የተያዘችው አይደል? ታዲያ አሁን ለምን የለችም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» አልኩ። ልጅቷ አምና ጻፈች። የኔ ተማሪ የኔን ውሸት በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ስትጽፍ ቆሜ አየሁ።

ደግሞ ሙሉ ውሸት እንኳ አልነበረም። የበልግ ዝናብ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንዳንድ ዓመት ዘግይቶ፣ አንዳንድ ዓመት ባንዴ ተጠራቅሞ ይመጣል። በዚህ ሰበብ ብዙ ጊዜ ራሴን አታልያለሁ። የነቃሁት ሞርሲቶ ለለቅሶ የሄድኩ ቀን ነው። ከለቅሶው ቤት በታች፣ ባንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር፣ ምንጭ አለ ሲሉኝ ውሃ ልጠጣ ወረድኩ። ዙሪያው እንሰትና ቄጠማ ነው፤ ባህር ዛፍ ያለው ሩቅ፣ መንገዱ ዳር ብቻ ነው። እንቁራሪት ይጮሃል። ጎንበስ ስል ድንጋዩ ሥር አንዲት ሸርጣን ወደ ጎን ሸተት ብላ ተደበቀችኝ። ሞርሲቶ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ያው የኛ ዝናብ ነው። ድርቁም ያው ነው። የተለየው እኔ የተከልኩት ዛፍ ብቻ ነበር። በለቅሶ ልብሴ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ ለሟቹ መሰላቸው።

ያን ሰሞን ትምህርት ቤቱ ዛፎቹን ለመቁረጥ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። እንጨቱ ለቤተ መጻሕፍት ጣሪያ ይሆናል ተብሎ ሁሉም ደስ ብሎታል። ባህር ዛፍ ደግሞ ቆርጠው ቢጥሉት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ እየቆረጥን እንጠቀማለን የሚል ሐሳብ ቀረበ። ወላጆችና የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል። እማማም ከኋላ፣ ጀሪካናቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል፤ ከቦኖ እየተመለሱ ነው የገቡት። ርዕሰ መምህሩ የዛፎቹ እናት ብሎ ጠራኝ፣ ተጨበጨበልኝ። እኔ ከላብራቶሪ ብርጭቆዋን ይዤ ነበር የመጣሁት።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳትና መናገር ጀመርኩ። ይችን ሸርጣን ከነእንቁላሏ የገደልኳት እኔ ነኝ አልኩ። አንድ ሸርጣን ስለወሰድኩ ምንጯ አትደርቅም፤ ዛፎቼ ናቸው ውሃዋን የጠጡትና ያጠቆሯት። ሸርጣኗን የሚተካ እንዳይመጣም መኖሪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሰዎች እየነገሩኝ አልሰማሁም። ዛፎቹ ይቆረጡ፤ ጉቶዎቹም ከነሥራቸው ይነቀሉ አልኩ። ንግግሬን በሀዲይኛ ደገምኩት። ሳቁ፤ ይሳቁ።

ጉቶ የሚለው ቃል ግን ሳቁን አቆመው። የባህር ዛፍ ጉቶ መንቀል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። አንዱ ጉቶ ለአንድ ጠንካራ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው።

«ራሷ ተክላ፣ ራሷ ተመስግና፣ አሁን እኛ እንንቀልላት?» አለ አንድ ወላጅ፤ እውነቱን ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ብዙ ሲያዳምጡ ቆዩ። በመጨረሻ ቀና አሉ። «ቲቸር፣ ብቻሽን አልተከልሽም። አብረውሽ የተከሉት ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ጥሪያቸው። እነሱ ከመጡ እኛም ዶማ ይዘን እንመጣለን። ካልመጡ ግን ጉቶው ይቀመጣል» አሉ። ስብሰባው በዚህ ተበተነ።

ወደ ኋላ ዞሬ እማማን አየኋቸው። ጀሪካናቸውን አዝለው እየወጡ ነው።

ሁለት ሳምንት ስልክ ላይ ከረምኩ። የድሮ የክበቡን መዝገብ አውጥቼ ስም በስም ፈለግኳቸው። አንዱ ሆሳዕና ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ጊምቢቹ ነርስ ናት፣ አንዱ ዱራሜ ሱቅ ከፍቷል፣ አንዷ አንጋጫ እንደኔው ባዮሎጂ ታስተምራለች። ለእያንዳንዳቸው ያንኑ ታሪክ ደገምኩ፤ ያንኑ ኀፍረት ደግሜ ጠጣሁ። «እሺ ቲቸር» ይሉኛል። እሺ ግን ምንም አይደለም፤ እኔም ለስንት ሰው እሺ ብዬ ቀርቻለሁ። ዛፎቹ ተቆርጠው ጉቶዎቹ ብቻ በቀሩበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ዶማ ይዤ ተዳፋቱ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። መንገዱን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ መቆፈር ጀመርኩ።

ጥሩምባ ሰማሁ። ስዞር የባጃጅ ሰልፍ ዳገቱን እየወጣ ነው፤ ከኋላው አንድ ሚኒባስ አለ። ዶማው፣ መጥረቢያው፣ አካፋው በመስኮት ወጥቶ ይታያል። የባጃጅ ሾፌሩ፣ ያ ከኋላ ተቀምጦ ያስቸግረኝ የነበረው፣ ከሁሉ ቀድሞ ወረደ። «ቲቸር፣ ያኔ ስንተክል ማርክ ሰጥተሽናል። ዛሬስ?» አለኝ። «ዛሬ ቆጮ ነው» አልኩት። የመጡትን ስም ጠራሁ፤ ልክ እንደ ክፍል። የቀሩት ጥቂት ናቸው።

ብዙዎቹ የተከሉትን ቦታ አልረሱም። ነርሷ ጉቶዎቹን እየቆጠረች ሄዳ «ይኼ የኔ ነው» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ ቆመችበት። ሽማግሌውም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ሰፈርተኛውን አስከትለው መጡ። ለአራት ቅዳሜ ቆፈርን። ለምንጯ ቅርብ ከነበሩት ጉቶዎች አንዱን ስንነቅል ሥሩ አልጨረስ አለን። እየተከተልን ብንቆፍር ቀጥታ የምንጯ ዓይን ውስጥ ገባ። እዚያ እንደ ተንጨባረረ የሴት ፀጉር ሆኖ ተጠቅልሎ አገኘነው። በሁለት እጄ ይዤ ስጎትተው ከኋላው ትንሽ ውሃ፣ አንድ ጭልፋ የማይሞላ፣ ተከትሎት ወጣ። ከዚያ ባለባጃጁ ፉጨት ለቀቀና ተዳፋቱ በእልልታ ተናጋ። በሕይወቴ በተማሪዎቼ የኮራሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ እንደዚያ ቀን ግን የለም።

በመጨረሻው ቅዳሜ እማማ ወደ ማሳቸው ጠርዝ መጡ። ለሠራተኛው ሁሉ በትልቅ ገበታ አተካና ሠርተዋል፤ ቡላው በቅቤና በወተት ርሶ ይተናል። በሌላ እጃቸው በእንሰት ቅጠል የታሰረ ነገር ይዘዋል። የዋንዛና የብሳና ችግኝ ነው።

«ጡረታ ልትወጪ ስንት ቀረሽ?» አሉኝ።

በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። ያን ቀን ተከልናቸው። ከምንጯ ግን እሳቸው አልቀመሱም፤ ሰኞ ጠዋት በተለመደው ሰዓት ጀሪካናቸውን አዝለው በበሩ አለፉ። «እንደምን አደርሽ ቲቸር።»

ምንጯን መጥረግ የጀመርኩት ማንም ሳይለኝ ነው። በየገበያው ዋዜማ ከክፍል ወጥቼ እወርዳለሁ። ቅጠሉን እለቅማለሁ፣ ደለሉን እጨልፋለሁ፤ ከዚያች ጠፍጣፋ ድንጋይ ወዲህ ሳሙና ያሳለፈ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ። መምህራኑ «ባዮሎጂ ቀረና ጽዳት ተያዘ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ክረምት አለፈ፣ በጋ መጣ፣ ውሃዋ አልደረቀችም። ቄጠማው ከሥሩ አረንጓዴ አወጣ። በሁለተኛው ክረምት አንድ እንቁራሪት ጀመረ፤ አንድ ብቻ፤ ተማሪዎቼን ዝም አሰኝቼ አሰማኋቸው። ወንፊቱ ውስጥ እነዚያ ድንጋይ የሚወዱ እጮች መታየት ጀመሩ። ሰፈርተኛውም ቀስ በቀስ ከታችኛው ወንዝ ተመለሰ። ባዶ ዴስክ ቀነሰ። ሸርጣን ግን የለም።

የእማማ ጉልበት ደግሞ እየደከመ ሄደ። ዳገቱ መሀል ላይ ማረፍ ጀመሩ፣ ቀጥሎ ሁለት ቦታ ማረፍ ጀመሩ። የልጃቸው ልጅ ልቅዳልዎት ብትል ቃሌን እኔ ነኝ የሰጠሁት ብለው ከለከሏት። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ቤታቸው ሄድኩ። «እማማ፣ ሞርሲቶ ሸርጣን አይቻለሁ። ባልዲ ይዤ ሄጄ አንዲት ላምጣልዎት» አልኳቸው።

«ደግሞ ከሰው ውሃ ልትወስጂ?» አሉ በቁጣ፤ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «ከወንዙ መንገድ አለ። ቤቷ ደህና መሆኑን ካወቀች ራሷ ትመጣለች።»

ሦስተኛው ክረምት በወጣ በመስከረም፣ በገበያ ዋዜማ፣ እንደ ልማዴ ወረድኩ። ቀሚሴን አንስቼ ቁጭ አልኩና ከአንድ ድንጋይ ሥር የተወሸቀ ቅጠል ለማውጣት እጄን ሰደድኩ። አንድ ነገር ሌባ ጣቴን ጨመደደኝ። ጮህኩ። እጄን ሳወጣ ሁለት ቦታ ላይ ደም ነጥብ ነጥብ ብሏል። ጎንበስ ብዬ ስመለከት በጠራው ውሃ ውስጥ፣ ከድንጋዩ ጥላ ሥር፣ ሁለት መቆንጠጫ ወደ እኔ ተነስቷል።

ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሬ በእንሰቱ መሀል ሮጥኩ። እማማ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጣቴን ፊታቸው ላይ ዘረጋሁት። በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ሁለቱን ነጥቦች ቀረብ ብለው አዩ።

«ነከሰችሽ?»

«ነከሰችኝ፣ እማማ!»

«እሰይ!» አሉ። «እሰይ! እጇ ይባረክ!» ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ፤ እኔም ደሜ እየወረደ ሳቅኩ። ከዚያ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሱ። «ጀሪካኗን አንሺና ነይ።»

ቀስ ብለን ወረድን። እማማ ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ጋ ጫማቸውን አወለቁ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ቁጭ አሉ፣ ድንጋዩ ሥር ያለችውን በደንብ አዩዋት፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና ቢስሚላህ ብለው በመዳፋቸው ጨለፉ። ጠጡ። ደግመው ጠጡ። ጀሪካኗን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት።

ሞላኋትና አዘልኳት። ቤታቸው ከምንጯ በእንሰቱ መሀል ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። እኔ ግን ዳገቱን ወጥቼ፣ ተማሪ ሁሉ እያየኝ፣ በትምህርት ቤቱ በር ዞሬ ነው ያደረስኩላቸው።